የመስታወቱ ወረቀት፦ የ1950ዎቹ መኪና ሻጮች የሚያውቁት፣ ገዢው የማያውቀው

በቴሌግራም መኪና ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? ፎቶው አለ። የተሠራበት ዓመት አለ። «ነዳጅ ሞልቶ መንዳት ብቻ» የሚል አለ። ዋጋው ጋ ስትደርሱ ግን «በውስጥ መስመር» ይላል። በውስጥ ስትጠይቁ ደግሞ መልሱ ሌላ ጥያቄ ነው፦ «ስንት ይዘሃል?»

ይሄ ነገር የእኛ ገበያ ጠባይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ የመኪና ታሪክ ሳነብም ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሞተሩ ነው። በኋላ ግን በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ በመኪና መሸጫዎች ይሠሩ የነበሩ ሰዎች የተዉትን ትዝታ ማንበብ ጀመርኩ። ሻጮች አሉ፣ መካኒኮች አሉ፣ መኪና አጣቢዎች አሉ። ሲያረጁ የጻፉት አለ፤ ያኔውኑ ለሕግ አውጪዎች የመሰከሩትም አለ። እና «ስንት ይዘሃል?» የምትለዋ ጥያቄ እዚያም ቁጭ ብላ አገኘኋት።

በዚያ ዘመን አዲስ መኪና ሊገዛ የገባ አሜሪካዊ የመኪናውን ትክክለኛ ዋጋ የሚያይበት ቦታ አልነበረም። ዛሬ ግን እዚያ አገር በእያንዳንዱ አዲስ መኪና መስታወት ላይ ዋጋውን የሚናገር ወረቀት ተለጥፎ ይመጣል። ወረቀቱ እዚያ እንዴት ደረሰ? ታሪኩ ይሄ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መኪና ሲጠፋ፣ መኪና ሲተርፍ

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እነ ፎርድና ጄኔራል ሞተርስ መኪናቸውን በቀጥታ ለሕዝብ አይሸጡም ነበር። የሚሸጡት በስማቸው እንዲነግድ ውል ለሰጡት የየአካባቢው አከፋፋይ ነው። አከፋፋዩ በጅምላ ዋጋ ከፍሎ ይረከባል፣ ትርፉን ጨምሮ ይሸጣል። መኪናው ሳይሸጥ ከቀረ ኪሳራው የአከፋፋዩ ነው፤ ፋብሪካው ገንዘቡን ተቀብሏል። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፣ በኋላ ታስፈልገናለች።

በፌብሩዋሪ 1942 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት የአሜሪካ ፋብሪካዎች የቤት መኪና መሥራት አቆሙ። መስመሮቹ ወደ ታንክ፣ ወደ አውሮፕላን ክፍልና ወደ ጦር ካሚዮን ዞሩ። እስከ 1945 አጋማሽ ድረስ ለሕዝብ የሚሆን አዲስ መኪና አልወጣም። ሾው ሩሞች ባዶ ቀሩ፤ አከፋፋዮች በጥገና፣ በመለዋወጫና ያገለገሉ መኪኖችን በመሸጥ ቀኑን ገፉ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ሰዉ ሁሉ የያዘው ያረጀ መኪና ነበር፤ ፋብሪካዎቹ ደግሞ ወዲያው ሊደርሱለት አልቻሉም። ስለዚህ ወረፋ መጣ። የሻጭ ሥራ ስም መመዝገብና «እንደውልልዎታለን» ማለት ሆነ። ወረፋ ለመዝለል በጠረጴዛ ሥር ገንዘብ የሚያቀብል ገዢ ነበር። አሮጌ መኪናውን ከዋጋው በታች የሚተው ገዢም ነበር። በእነዚህ ዓመታት ሻጩ ንጉሥ ነው።

ከዚያ ሁሉም ነገር ተገለበጠ። ከ1953 ጀምሮ ፎርድ ሼቭሮሌትን ካልቀደምኩ ብሎ ተነሣ፤ ሼቭሮሌትም አልሸነፍ አለ። ሁለቱም ገዢ መኖሩን ሳይጠብቁ ያመርቱ ጀመር። በ1955 በአሜሪካ ወደ 7.9 ሚሊዮን የቤት መኪና ተመረተ፤ ለዚያ ጊዜ ትልቁ ቁጥር ነው። መኪናው የት ይሂድ? አከፋፋዩ ግቢ ውስጥ ተደረደረ። አከፋፋዩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የከፈለው በብድር ነው፤ መኪናው በቆመ ቁጥር ወለዱ ይቆጥራል።

የሃይድሮሊክ ፍሬን እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። እግራችሁ ፔዳሉ ላይ ያሳረፈው ግፊት በዘይቱ በኩል አራቱም ጎማ ጋ ይደርሳል፤ በመሃል አይጠፋም። የ1950ዎቹ የመኪና ንግድም እንደዚያ ነበር። ፋብሪካው አከፋፋዩን ይጫናል፣ አከፋፋዩ የሽያጭ ኃላፊውን፣ ኃላፊው ሻጩን። መጨረሻ ላይ ግፊቱ የሚያርፈው በሩን ከፍቶ በገባው ገዢ ላይ ነው።

ሾው ሩሙ ውስጥ

የድሮ ሻጮች በደስታ የሚያነሡት ትዝታ አንድ ነው፦ የመጸው ወራት። በየዓመቱ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር አካባቢ የቀጣዩ ዓመት ሞዴል ይመጣል። መኪኖቹ በሸራ ተሸፍነው ይገባሉ፣ የሾው ሩሙ መስታወት በወረቀት ይሸፈናል፤ ማንም አስቀድሞ እንዳያይ። የመክፈቻው ቀን ሲደርስ የሰፈሩ ሰው የሚገዛውም የማይገዛውም ልጆቹን ይዞ ይመጣል። ቡና አለ፣ ፊኛ አለ። በብዙ ትንንሽ ከተሞች ቀኑ እንደ በዓል ነበር።

በዓሉ ሲያልፍ ሥራው ይጀምራል። ሻጩ የሚኖረው በዋናነት በኮሚሽን ነው፤ ካልሸጠ እጁ ባዶ ነው። ገዢ ወደሚያመጡለት ሰዎች ይደውላል፤ ፀጉር አስተካካይ፣ የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ፣ የቡና ቤት አስተናጋጅ ሊሆኑ ይችላሉ። አሜሪካኖቹ እነዚህን ሰዎች «የአደን ውሻ» ይሏቸው ነበር። ወፉን ጠቁሞ ለአዳኙ የሚያሳይ ውሻ ማለታቸው ነው። እኛ ደላላ እንላለን፤ ሥራው ያው ነው።

ገዢው ሲመጣ ሻጩ የሚያውቃቸው ሦስት ቁጥሮች አሉ፦ መኪናው ከፋብሪካ የወጣበት ዋጋ፣ ፋብሪካው ለመሸጫ የጠቆመው ዋጋ፣ ገዢው በልዋጭ የሚሰጠው አሮጌ መኪና በገበያ የሚያወጣው ዋጋ። ገዢው ሦስቱንም አያውቅም። ለአሮጌው መኪና እንኳ ዋጋ የሚያወጣ መጽሐፍ ነበር። የሎስ አንጀለሱ ነጋዴ ሌስ ኬሊ ከ1926 ጀምሮ ሲያሳትመው የኖረው ብሉ ቡክ ይባላል። ግን ለነጋዴዎች ነበር የሚታተመው። ለተራ ገዢ የሚሆን እትም የወጣው በ1993 ነው። መጽሐፉ ከ60 ዓመት በላይ በሻጩ መሳቢያ ውስጥ ኖረ ማለት ነው።

ይህ አለመመጣጠን እንዴት ገንዘብ እንደሚሆን በቁጥር እንየው፤ ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል እኔ ነኝ የመረጥኳቸው። ፋብሪካው ለአንድ መኪና 2,400 ዶላር ዋጋ ጠቁሟል እንበል። ገዢው የያዘው አሮጌ መኪና 600 ዶላር ያወጣል። በትክክለኛው መንገድ ገዢው የሚጨምረው 1,800 ዶላር ነው።

ሻጩ ግን «ይሄ መኪና 2,900 ነው» ይላል። ገዢው ፊቱ ሲጠቁር ደግሞ «አይዞህ፣ አሮጌውን በ1,000 እንወስድልሃለን» ይለዋል። ገዢው አሮጌ መኪናው ውጭ 600 እንደሚያወጣ በጭምጭምታ ሰምቷል። ስለዚህ 400 ዶላር ያተረፈ መሰለው። ቤቱ ሄዶ ለጎረቤት ሁሉ ያወራል። የከፈለው ግን 1,900 ነው፤ 100 ዶላር ተበልቷል። ይህንን ዋጋ የመቆለል ዘዴ ሻጮቹ «ማጨቅ» የሚል ትርጉም ባለው ቃል ይጠሩት ነበር። የሚገርመው፣ ገዢውን የሚበሉት ደስ እያለው መሆኑ ነው።

ሌሎች ዘዴዎችም ነበሩ። ዋጋ ተስማምታችሁ ልትፈርሙ ስትሉ «አለቃዬ አልፈቀደም» ብሎ መጨመር። አንዱ ሻጭ ሲደክመው ለሌላው፣ ያ ደግሞ ለኃላፊው እያቀባበሉ ገዢውን ማድከም። «አሮጌ መኪናህን እንፈትሽ» ብሎ ቁልፉን ወስዶ አለመመለስ። ባልና ሚስትን «ብቻችሁን ተማከሩ» ብሎ ትቶ በተደበቀ ማይክሮፎን የሚያዳምጥ መሸጫም ነበር። ያኔ የሠሩ ሰዎች በኋላ ሲያወሩት አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ያፍራል። ብዙዎቹ የሚሉት ግን ተመሳሳይ ነው፦ ጎረቤቱ እያጨቀ እሱ በትክክለኛ ዋጋ ልሽጥ ቢል ገዢው ያምነው ነበር? ጎረቤት ለአሮጌው መኪና 1,000 እየሰጠ እሱ 600 ሲል ሌባው እሱ ይመስላል።

ከኋላ በር፦ ጋራዡ

ከሾው ሩሙ ጀርባ ጋራዡ አለ። እዚያ ያሉት ሰዎች የሚያውቁት ከዋጋው ሌላ ነገር ነው።

አዲሱ መኪና ከፋብሪካ በባቡር ወይም በትልቅ ካሚዮን ተጭኖ ሲመጣ ወዲያው የሚነዳ አልነበረም። ብሎኖች ይጠበቃሉ፣ ዘይትና ውሃ ይታያል፣ የሞተሩ እሳት ጊዜውን ጠብቆ እንዲመታ ይስተካከላል፣ በር የማይገጥም ከሆነ ይገጠማል። የትኛው መኪና ደህና ሆኖ እንደመጣ፣ የትኛው ከመጀመሪያው እንዳስቸገረ የሚያውቀው ይህን የሠራው መካኒክ ነው። ገዢው አያውቅም። በ1950ዎቹ ደግሞ የፋብሪካው ዋስትና በተለምዶ 90 ቀን ወይም 4,000 ማይል ነበር፤ የቀደመው ይይዛል። ማይል 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሦስት ወር ካለፈ ችግሩ የባለቤቱ ነው።

መኪናው ደግሞ ወደ ጋራዥ ደጋግሞ መመለሱ አይቀርም ነበር። ለምን? እስቲ ፑንቲናን እንውሰድ። (የእኛ ጋራዦች ቋንቋ ጣሊያንኛ ነው ማለት ይቻላል፦ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፑንቲና። ከጣሊያኖች የቀረ ነው።) ፑንቲና ማለት እየተከፈተችና እየተዘጋች ለካንዴላው እሳት የምታስነሣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ ናት። ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር 4 ጊዜ እሳት ይፈልጋል። በሰዓት 60 ማይል ስትነዱ ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ጊዜ ይዞራል ብንል ፑንቲናዋ በደቂቃ 10,000 ጊዜ ትከፈታለች። በሰዓት 60 ማይል ማለት በደቂቃ አንድ ማይል ነው። ስለዚህ በ10,000 ማይል ውስጥ 100 ሚሊዮን ጊዜ ተከፍታ ትዘጋለች! በእያንዳንዱ ጊዜ ትንሽ ብልጭታ ብረቷን ይበላዋል። መቀየሯ ግድ ነው። ዛሬ ይህን ሥራ ኤሌክትሮኒክስ ወስዶታል፤ የሚነካካና የሚበላ ብረት የለም።

መካኒኩ የሚከፈለው በሰዓት ሳይሆን በመጽሐፍ ነበር። መጽሐፉ «ይህ ሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል» ካለ በ40 ደቂቃ ቢጨርሰውም የአንድ ሰዓት ተኩል ያገኛል። ሦስት ሰዓት ቢፈጅበትም እንዲሁ። ፈጣንና ጎበዝ መካኒክ በዚህ ጥሩ ይኖር ነበር። ግን የሚያመላልሰውን ብልሽት በትዕግሥት የሚፈልግ ሰው ይጎዳል፤ ለማሰብ የሚከፍል መጽሐፍ የለም። ክፍያ እንዴት እንደተዘጋጀ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ይወስናል።

ወደ ኋላ የሚሄደው ቁጥር

ጋራዡ ውስጥ ስለሚሠራ አንድ ነገር ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ጮክ ብሎ አያወራም፦ የማይል ቆጣሪ መመለስ።

የዚያን ጊዜ ቆጣሪ ምንም ኤሌክትሪክ የለውም። ከካምቢዮው አንድ ተጣጣፊ የሚሽከረከር ገመድ ይነሣና እስከ ዳሽቦርዱ ይመጣል። በአሜሪካ መኪኖች ይህ ገመድ በተለምዶ ለአንድ ማይል 1,000 ጊዜ ይዞራል። ዙሩ በትንንሽ ጥርሶች እየተቀነሰ ቁጥር የተጻፈባቸውን ጎማዎች ያንቀሳቅሳል። ብዙዎቹ ቆጣሪዎች እስከ 99,999 ማይል ብቻ ነበር የሚቆጥሩት፤ ከዚያ ወደ ዜሮ ይመለሳሉ።

ታዲያ ታሪኩ ሲወራ «ገመዱን ነቅለው በመሰርሰሪያ ማሽን ወደ ኋላ ያዞሩታል» ይባላል። እስቲ እናስላው። 20,000 ማይል ለመመለስ 20 ሚሊዮን ዙር ያስፈልጋል። መሰርሰሪያው በደቂቃ 2,500 ጊዜ ቢዞር 8,000 ደቂቃ ይፈጃል፤ ይህ ከ133 ሰዓት በላይ ነው። አምስት ቀን ተኩል፣ ሌሊትም ሳይቆም! ጥቂት መቶ ማይል ለመመለስ መሰርሰሪያው ይበቃል። ለትልቅ ማጭበርበር ግን ዳሽቦርዱን ፈትቶ የቁጥር ጎማዎቹን በእጅ ማዞር ይቀላል። እጁ የለመደ ሰው ደግሞ ብዙ አይቆይበትም።

ይህ በመላው አሜሪካ በፌዴራል ሕግ የተከለከለው በ1972 ነው። ከዚያ በፊት አንዳንድ ግዛቶች ቢከለክሉም አገሩን ሁሉ የሚገዛ ሕግ አልነበረም።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ የተቀመጠው ሻጭ

እስካሁን ስለሚደበቅ ቁጥር አወራን። ስለሚደበቅ ሰው ደግሞ እናውራ።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ መኪና መሸጫዎች ጥቁር ሠራተኞች ነበሩ። ግን ቦታቸው አጠባው፣ ጽዳቱ፣ መኪና ማንቀሳቀሱ ነበር። ሾው ሩሙ ላይ ቆሞ መሸጥ የነጮች ሥራ ነው። ኤድ ዴቪስ በ1911 በሉዊዚያና፣ ሽሪቭፖርት ተወልዶ ገና በወጣትነቱ ወደ ዲትሮይት መጣ። ከተማዋ የመኪና ኢንዱስትሪ ልብ ነበረች፤ እዚያም በካስ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማረ። በ1930ዎቹ በአንድ መሸጫ ሻጭ ሆኖ ተቀጠረ። ነጮቹ ሻጮች አብሯቸው ወለሉ ላይ እንዲቆም ስላልፈለጉ ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሆነ።

ሸጠም። ከፊት ለፊት በር ሲገቡ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ጥቁር ዲትሮይታውያን ደረጃውን ወጥተው እሱ ጋ ይመጡ ነበር። ቀጥሎ የራሱን ያገለገሉ መኪኖች መሸጫ ከፈተ። በ1940 ደግሞ ከስቱድቤከር የአከፋፋይነት ውል አገኘ፤ አዲስ መኪና ለመሸጥ ከፋብሪካ ውል ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ይባላል። በ1950ዎቹ ስቱድቤከር ሲዳከም የእሱም መሸጫ በ1956 ተዘጋ። ከሦስቱ ትላልቅ ኩባንያዎች የአንዱን ውል ለማግኘት እስከ 1963 ጠበቀ፤ ያኔ ክራይስለር-ፕሊመዝ ሰጠው። ትዝታውን በ1979 በመጽሐፍ አሳተመ።

የዴቪስን ታሪክ እዚህ ያመጣሁት ለጌጥ አይደለም። ገበያ ላይ መረጃ ብቻ አይደለም የሚደበቀው። ማን መረጃውን የሚይዝበት ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ማንስ በየትኛው በር ይገባል የሚለውም አስቀድሞ ተወስኗል። ይህን የሚያስተካክል የመስታወት ወረቀት የለም፤ ሌላ ትግልና ሌላ ሕግ ፈልጓል።

ሴናተሩና ወረቀቱ

ወደ ዋጋው እንመለስ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ቅሬታው በዛ። የገዢዎች ብቻም አይደለም፤ ፋብሪካው ያልፈለጉትን መኪና የሚጭንባቸው፣ እምቢ ካሉም ውሉን እነጥቃለሁ የሚላቸው አከፋፋዮችም ይጮኹ ጀመር። የኦክላሆማው ሴናተር ማይክ ሞንሮኒ የመኪና ሽያጭን የሚመረምር ንዑስ ኮሚቴ መርተው ምስክር መስማት ጀመሩ። እኔ ካነበብኩት ትዝታ ከፊሉ የተወለደው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው።

ሁለት ሕግ ወጣ። የመጀመሪያው በ1956 የወጣው ነው፤ ፋብሪካው በቅን ልቦና ካልሠራ አከፋፋዩ በፌዴራል ፍርድ ቤት እንዲከሰው መብት ሰጠ። ፔዳሉን የሚጫነውን እግር ቀለል ለማድረግ ነው። ሁለተኛውን ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በጁላይ 7 ቀን 1958 ፈረሙበት። ከ1959 ሞዴሎች ጀምሮ አምራቹ በእያንዳንዱ አዲስ መኪና መስታወት ላይ ወረቀት መለጠፍ ግዴታው ሆነ።

ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ቀላል ነው፦ የመኪናው ዓይነትና መለያ ቁጥር፣ የተገጣጠመበት ቦታ፣ የሚረከበው አከፋፋይ ስም፣ በምን ተጓጉዞ እንደመጣ፣ ፋብሪካው የጠቆመው ዋጋ፣ የእያንዳንዱ ተጨማሪ ዕቃ ዋጋ፣ የማጓጓዣው ክፍያ፣ ድምሩ። ገዢው ሳይረከብ በፊት ወረቀቱን የሚያነሣ ወይም የሚለውጥ ሰው እስከ 1,000 ዶላር መቀጮ ወይም እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም ሁለቱም ይጠብቀዋል። እስከ ዛሬም ያ ወረቀት በሴናተሩ ስም «ሞንሮኒ» ይባላል።

ልብ በሉ፣ ሕጉ ዋጋ አልወሰነም። አከፋፋዩ ከተጻፈው በታችም በላይም መሸጥ ይችላል። ክርክርም አልከለከለም። ያደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በሻጩ መሳቢያ ውስጥ የነበረውን ቁጥር አውጥቶ ሁለቱም የሚያዩት ቦታ ላይ ሰቀለው። የ2,400ውን መኪና 2,900 ማለት ከዚያ በኋላ ከባድ ሆነ። ብልጠቱ አልጠፋም፤ ወደ አሮጌው መኪና ግምት፣ ወደ ብድሩ ወለድ፣ ወደ ተጨማሪ ዕቃው ተሰደደ። በትክክለኛ ዋጋ መሸጥ ለሚፈልገው ሻጭ ግን ትልቅ እፎይታ ነበር። ከእንግዲህ «እመነኝ» ማለት አያስፈልገውም፤ በጣቱ ወደ መስታወቱ ይጠቁማል።

ጎምዛዛው ሎሚ

ሞንሮኒ የሚለጠፈው አዲስ መኪና ላይ ነው። ያገለገለ መኪና ግን ታሪኩን የሚያውቀው ሻጩ ብቻ እንደሆነ ቀረ። አሜሪካኖች የሚያስቸግር መኪና ሲያጋጥማቸው «ሎሚ» ይሉታል፤ ጎምዛዛ ነውና። (እኛ ጋ ሎሚ ጥምቀት ላይ ለወደዷት ልጅ የሚወረወር ነው፤ እነሱ ጋ እንዲህ ሆነ።)

የኢኮኖሚ ባለሙያው ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ስለዚህ ገበያ አጭር ጽሑፍ አሳተመ። ከዚያ በፊት ሦስት መጽሔቶች አልቀበልም ብለውታል። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ለሽያጭ የቀረቡ 10 መኪኖች አሉ እንበል። 5ቱ ደህና ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን ብር ያወጣሉ። 5ቱ ሎሚ ናቸው፣ 400 ሺህ ያወጣሉ። ገዢው መለየት ስለማይችል አማካዩን፣ 700 ሺህ፣ ይሰጣል። የደህናው መኪና ባለቤት በ700 ሺህ አልሸጥም ብሎ ይወጣል። አሁን ገበያው ላይ የቀሩት ሎሚዎቹ ናቸው። ገዢውም ይነቃል፣ ዋጋው ወደ 400 ሺህ ይወርዳል። መጨረሻ ላይ ደህና መኪና ያለው ሰው ሊሸጥ፣ ደህና መኪና የሚፈልግ ሰው ሊገዛ አልቻለም። ሁለቱም እያሉ ተላለፉ።

አከርሎፍ በ2001 ለዚህ ሥራው የኖቤል ሽልማት ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ተጋራ። እኔን የነካኝ ሽልማቱ አይደለም። የ1950ዎቹ ሻጮች በትዝታቸው «ሐቀኛ ሆኜ መኖር አልቻልኩም» ሲሉ የሰማኋቸው ሰበብ እየፈለጉ መስሎኝ ነበር። ሒሳቡ ግን ከፊል እውነት እንዳላቸው አሳየኝ። መረጃ በአንድ ወገን ሲከማች የሚጎዳው ገዢው ብቻ አይደለም፤ ሐቀኛው ሻጭም ከገበያው ይባረራል።

ቀጣዩ ወረቀት

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ፣ ጉዳዩ አሁን የእኛም ሆኗልና። ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። መንገዳችን ላይ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው፤ ነገ ከነገ ወዲያ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና በየቴሌግራሙ መሸጡ የማይቀር ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ውዱ ክፍል ባትሪው ነው። ባትሪ ደግሞ ከኪሎ ሜትሩ በላይ የሚያረጀው በአያያዙ ነው፦ በየጊዜው በፈጣን ቻርጅ ተሞልቷል? ሞልቶ በሙቀት ውስጥ ብዙ ቆሟል? ሁለት መኪኖች እኩል 60,000 ኪሎ ሜትር ሄደው አንደኛው ከመጀመሪያ አቅሙ ብዙውን ይዞ፣ ሌላው በጣም ወርዶ ሊገኝ ይችላል። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ፎቶውም አንድ ነው። የ1950ዎቹ ቆጣሪ ዛሬ ባትሪው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው ደንብ ከፌብሩዋሪ 2027 ጀምሮ ገበያው ላይ የሚቀርብ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ዲጂታል ፓስፖርት እንዲኖረው አዟል። ባትሪው ከምን እንደተሠራና ምን ላይ እንዳለ ይመዘገብበታል። ሞንሮኒ በዲጂታል መልክ ተመለሰ ብትሉ አትሳሳቱም። እኛ ጋ እስኪደርስ መጠበቅ የለባችሁም። ቤተሰባችሁ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ ሲል ከኪሎ ሜትሩ በፊት የባትሪውን ጤንነት በመቶኛ ጠይቁ። በመመርመሪያ መሣሪያ ሲነበብ አጠገቡ ቆማችሁ በዓይናችሁ እዩ። ሻጩ ሐቀኛ ከሆነ ደስ ይለዋል፤ የሚጠቁምበት ነገር አገኘ።